ካምሪ 2500 ሲሲ፦ ከጅማ ከተማ እስከ ጊቤ ዳገት

ጅማ ውስጥ መኪና ገዛሁ ስትሉ መጀመሪያ የምትጠየቁት «ስንት ሲሲ ነው?» ተብላችሁ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፤ ብቻውን ግን ብዙ አይነግራችሁም። የእኔ ቶዮታ ካምሪ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2012 እስከ 2017 ከተሠራው ትውልድ ነው። ሞተሩ ባለ 2.5 ሊትር፣ ካምቢዮው ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ። በጋውንም ክረምቱንም ነድቼዋለሁ፤ አሁን የምናገረው አለኝ።

ይህ ትውልድ በአሜሪካ ገበያ የተሸጠው በሦስት ዓይነት ሞተር ነው። ባለ 4 ፒስተኑ 2.5 ሊትር 178 የፈረስ ጉልበት አለው። ባለ 6 ፒስተኑ 3.5 ሊትር 268 ያወጣል። ሃይብሪዱ ደግሞ 2.5 ሊትር ሞተርን ከኤሌክትሪክ ጋር አጣምሮ በድምሩ 200 ይሰጣል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ ምርጫችን ቀድሞ ከገባው ነው። ስለዚህ ሻጩ የሚላችሁን ብቻ ሳይሆን ሞተሩን ራሳችሁ ለይታችሁ እወቁ።

ወረቀት ላይ ያለው ጉልበት እኛ ጋ ሲደርስ ይቀንሳል። ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ምክንያቱ የአየሩ መሳሳት ነው። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። 178 የተባለው እዚህ ከ150 ብዙም አይርቅም ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ከተማ ውስጥ ግን ይህ ጭራሽ አይታወቅም። ጠዋት በሄርማታ በኩል ስታልፉ ባጃጁም እግረኛውም አንድ ላይ ነው። ፍሬኑን ለቀቅ ስታደርጉት መኪናው በራሱ ቀስ እያለ ይሄዳል። ቆሞ ለመነሳትም አያንገራግርም። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣውን የጅሬን ዳገት ቤተሰብ ሞልቼ ያለ ጭንቀት ወጥቼዋለሁ።

እውነተኛው ፈተና የአዲስ አበባ መንገድ ነው። አበልቲን አልፋችሁ ወደ ጊቤ በረሃ ትወርዳላችሁ፤ ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ወልቂጤ ትወጣላችሁ። ቁልቁለቱን ፍሬን ብቻ እየረገጡ መውረድ አደገኛ ነው። እኔ ማርሹን ከዲ ወደ ኤስ (ማርሹን በእጅ ለመምረጥ ወደሚያስችለው) አድርጌ ሦስተኛ ላይ አስቀረዋለሁ። ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ታች ስደርስ ፍሬኑ አይግልም፣ የተቃጠለ ሽታም የለም።

ዳገቱ ላይ ደግሞ ቡና የጫነ አይሱዙ ከፊታችሁ እየተጎተተ ነው እንበል። ዲ ላይ ሆናችሁ ነዳጅ ስትረግጡ ካምቢዮው ትንሽ ያመነታል። ነዳጅ እንዲቆጥብ ስለተሠራ ከፍ ያለ ማርሽ ላይ መቆየት ይወዳል። ከዚያ በአንዴ ሁለት ማርሽ ይወርድና ሞተሩ ያጓራል። ከፊት ጠመዝማዛ ባለበት መንገድ ያቺ አፍታ ረጅም ናት። መላው ቀድሞ ማርሽ ማውረድ ነው። የዚህ ሞተር ትልቁ ቶርክ (የማዞር ኃይል) 231 ኒውተን ሜትር ሲሆን የሚገኘው በደቂቃ 4,100 ዙር ላይ ነው። ስለዚህ አይሱዙው ሥር ሳልገባ ማርሹን አወርድና ዙሩን 4,000 ግድም አደርሰዋለሁ። መንገዱ ወለል ብሎ ከታየኝ ብቻ ደርቤ አልፋለሁ፤ ያኔ ተስፈንጥሮ ነው የሚወጣው። አምስት ሰውና ሻንጣ ካለ ግን አልደርብም፤ ከኋላ እከተላለሁ። ለዚያ ቦታ ጉልበቱ አይበቃም፣ ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ።

ነዳጅ ላይ ወድጄዋለሁ። የአሜሪካው ይፋ ልኬት በ100 ኪሎ ሜትር ለከተማ 9.4፣ ለአውራ ጎዳና 6.7 ሊትር ይላል። ከተማ ውስጥ ሞተሩ ሳይሞቅ እየተነሳችሁ አጭር አጭር ከሄዳችሁ ከዚያ ይበልጣል። ረጅም መንገድ ላይ ግን ተረጋግቶ ለሚነዳ ሰው ይመቻል። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ታንከሩ 64 ሊትር ይይዛል። እዚህ ሞልቼ ደርሼ መመለስ እችላለሁ። ቤንዚን በሚጠፋበት ሰሞን ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ጥገናው ቀላል ነው። ታይሚንጉ (የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያዞረው) በካቴና እንጂ በቺንጋ ስላልሆነ በየጊዜው ቀይሩ የሚባል ነገር የለም። ዘይቱ ከነፊልትሮው 4.4 ሊትር ነው። ክረምት ላይ ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር መግባትን ግን እርሱት፤ ሆዱ ዝቅ ያለ ነው፣ ጭቃው አያሳልፈውም።

ባለ 6 ፒስተኑን ለሚጠይቁኝ፦ ጊቤን በየሳምንቱ ሰው ጭኖ የሚያቋርጥ ሰው ይግዛው፣ ይገባዋል። ነገር ግን የኋለኞቹን ሦስት ካንዴላዎች ለመቀየር ከላይ ያለው ማኒፎልድ (አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ክፍል) መፈታት አለበት፤ የእጅ ዋጋው ይጨምራል። ነዳጁም ከተማ ውስጥ በይፋ ልኬት 11.2 ሊትር ነው።

ከጅማ ብዙም ለማይወጣ ሰው ግን እኔ የምመክረው ሃይብሪዱን ነው። በዝግታ በምንርመሰመስበት ከተማ አብዛኛውን ጊዜ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ይፋ ልኬቱም ለከተማ 5.5 ሊትር ብቻ ነው። ስትገዙ ባትሪውን የሚመረምር ባለሙያ ይዛችሁ ሂዱ። ባትሪው የሚቀዘቅዘው ፋኑ ከመኪናው ውስጥ በሚስበው አየር ስለሆነ የአየር መሳቢያውን አስከፍታችሁ እዩት። በአቧራ ተደፍኖ ካገኛችሁት ባትሪው ሲግል ከርሟል ማለት ነውና ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት አስመርምሩት።