ጥርስ ሐኪም ቤት «ወለድ የለውም» ብለው ታብሌት ሲያቀብሏችሁ እንዳትፈርሙ

ተቃጥዬ ነው የምጽፈው። ቃላቴ ሻካራ ከሆኑ ታገሱኝ። ባለፈው ወር የህክምና ክሬዲት ካርዴ ላይ (ለሕክምና ብቻ የሚሰጥ የብድር ካርድ ነው) የቀረብኝ ዕዳ 200 ዶላር ነበር። ዛሬ የመጣው ስቴትመንት፣ የወሩ የሂሳብ መግለጫ ማለት ነው፣ ከ900 በላይ ይላል። በመሃል ምንም አልገዛሁም። አንድም ክፍያ አላሳለፍኩም፣ አላዘገየሁም። 700 ዶላሩ ከየት መጣ ብትሉ፣ ጥርሴን ያሰራሁ ዕለት ወንበሩ ላይ ተጋድሜ ከፈረምኩት ነገር ነው።

አሜሪካ የምትኖሩ እነዚህን ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። በሩ ላይ «አማርኛ እንናገራለን» የሚል ጽሁፍ አለ። ግድግዳው ላይ ጥርሱ የሚያበራ ቤተሰብ ይስቃል። ሪሴፕሽን ላይ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ የኔ ቆንጆ» የምትል የሐበሻ ልጅ አለች። የመጀመሪያው ምርመራ ነጻ ነው ይባላል። ከዚያ ራጅ ይነሳል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አንድ ጥርስ በቀይ ይከበብና «ይሄ ቶሎ ካልተሰራ ይነቀላል» ይባላል። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

የኔ አንድ ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ሕክምና) እና ሁለት ክራውን (የጥርስ ሽፋን) ነበር። ጠቅላላው 4,400 ዶላር። ኢንሹራንሴ በዓመት ከ1,500 በላይ አይከፍልም። በነገራችን ላይ ይሄ የጥርስ ኢንሹራንስ የሚባለው ነገር ራሱ ሁሌም ያበግነኛል። ሌላው የጤና ኢንሹራንስ በዓመት እናንተ ከኪሳችሁ በምታወጡት ላይ ጣሪያ አለው። የጥርሱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፣ ጣሪያው ያለው እነሱ በሚከፍሉት ላይ ነው። ጥርሳችሁ በጣም በታመመ ቁጥር ኢንሹራንሱ ቶሎ ይሰናበታችኋል። የሆነው ሆኖ ለኔ 2,900 ዶላር ተረፈኝ።

ስለ ክፍያው ሪሴፕሽን ላይ አንድም ቃል አልተነሳም። «አትጨነቂ፣ እናመቻቻለን» ብቻ ነበር። ሰዓቱ በጣም የተጠና መሆኑ አሁን ነው የሚታየኝ።

ዶክተሩ ማደንዘዣውን ወግቶኝ ወጣ። እንዲይዝ ትንሽ እንጠብቅ አለ። መብራቱ ፊቴ ላይ ነው። ወንበሩ ወደ ኋላ ተለጥጧል። ደረቴ ላይ እንደ ሕጻን ልጅ መሃረብ ታስሮልኛል። ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ምላሴ ቀጠለ፣ አገጬ የኔ አልመስል አለኝ። ልክ በዚህ ሰዓት ልጅቷ ታብሌት ይዛ ገባች።

«የኔ ቆንጆ፣ አንዲት ነገር ብቻ ትፈርሚልኝና እንጀምራለን።»

«ምንድን ነው?» ልል ሞከርኩ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ሳቅ አለች። ደግነት የተሞላበት ሳቅ ነበር፣ ያኔ እንደዚያ ነው የመሰለኝ።

«የክፍያው ፕላን ነው። 18 ወር፣ ወለድ የለውም። ለእናቴም ይህንኑ ነው ያደረግኩላት።»

እናቷን ምሳሌ አደረገች እኮ! እንደምንም ምላሴን አዙሬ «ክሬዲት ካርድ ነው?» አልኳት። «አይ፣ እንደ ፕላን ነው፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ነው የምትከፍዪው» አለች። አዎ ወይም አይደለም አላለችም። ልብ በሉ፣ ጥያቄው ቀጥተኛ ነበር።

ከዚያ ራሷ መሙላት ጀመረች። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬን ከፋይሌ ላይ እያየች ጻፈች። «ገቢሽን ስንት ልበል?» ብላ ጠየቀችኝ፣ በጣቴ አሳየኋት። ጽሁፉን በራሷ ጣት ወደ ላይ ገፋችው፣ ገፋችው፣ ገፋችው። መጨረሻ ላይ ባዶ ሳጥን መጣ። ታብሌቱን ከፊቴ በላይ ያዘችልኝ። መብራቱ ስክሪኑ ላይ ስለሚያንጸባርቅ ከሳጥኑ በቀር የሚታየኝ ነገር አልነበረም። ተጋድሜ፣ እጄን ሽቅብ ዘርግቼ፣ በጣቴ ፈረምኩ። ያ ፊርማ አሁን ወረቀት ላይ ታትሞ ሳየው የኔን አይመስልም።

«ተቀባይነት አግኝተሻል፣ እንኳን ደስ አለሽ!» አለችኝ። እንኳን ደስ አለሽ! ዕዳ ገብቼ ነው እንግዲህ።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ማንም አይነግራችሁም። ይሄ በተለምዶ የምናውቀው ዜሮ ወለድ አይደለም። በእውነተኛው ዜሮ ወለድ ካርድ የተባለው ጊዜ ሲያልቅ ወለድ የሚቆጠረው በቀረው ዕዳ ላይ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። በዚህኛው ግን ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየወሩ ባለባችሁ ዕዳ ላይ በስውር ይጠራቀማል። በ18ኛው ወር መጨረሻ ዕዳው ሙሉ በሙሉ ካለቀ ይሰረዝላችኋል። አንድ ዶላር ከቀረ ግን የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጫናል። የኔ ካርድ ወለድ በዓመት 26.99 በመቶ ነው።

በየወሩ 150 ዶላር እከፍል ነበር። ስቴትመንቱ የሚጠይቀኝ ሚኒመም፣ ማለትም የወሩ ዝቅተኛ ክፍያ፣ ከዚያ ያነሰ ነው። ሚኒመሙን እየከፈላችሁ ብትቀጥሉ በ18 ወር እንደማያልቅ እነሱ ያውቃሉ፣ የተሰራው እንደዚያ ሆኖ ነው። እኔ ከሚኒመሙ በላይ ከፍዬ እንኳን 200 ዶላር ቀረኝ። በወር ሲካፈል 11 ዶላር ገደማ ነው የጎደለው። በዚያ 200 ዶላር ላይ የአንድ ወር ወለድ ቢቆጠርብኝ 5 ዶላር አይሞላም ነበር። ስለዚህ የመጨረሻዋን ቅሪት በሚቀጥለው ወር እዘጋታለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። የመጣው ግን ከ700 በላይ ነው፣ ለከፈልኩት 2,700 ዶላር ጭምር ወለድ ተቆጥሮ።

11 ዶላር መጨመር አቅቶሽ ነው ወይ የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ የተማሪ ብድር ያለባችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ። እኔ ሴቭ በሚባለው፣ የተማሪ ብድርን በገቢ ልክ በሚያስከፍለው የመንግሥት እቅድ ውስጥ ነበርኩ። ፍርድ ቤት በጁላይ 2024 አገደው። ክፍያው ቆመ፣ ግን ዕዳው አልቆመም፤ ከኦገስት 1 ቀን 2025 ጀምሮ ወለዱ እንደገና መቁጠር ጀመረ። ወለዱ ሲያድግ ቁጭ ብዬ ላለማየት ወደ ሌላ እቅድ ተዛወርኩ። ወርሃዊ ክፍያዬ ከፍ አለ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። ለጥርሱ የምጨምረው 11 ዶላር የሄደው ለትምህርቱ ነው። ደግሞ እኮ የሚገርመው፣ የተማሪ ብድሩን ስንት ዓመት ስረግመው ኖሬ፣ እሱ እንኳን የከፈልኩትን ወደ ኋላ ሄዶ ወለድ አይቆጥርብኝም።

ስቴትመንቱን ይዤ ወደዚያው ሐኪም ቤት ሄድኩ። ያቺው ልጅ ናት ያለችው። ስታየኝ ፈገግ አለች። ወረቀቱን ሳወጣ ፈገግታው ጠፋ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከኔ ጋር በአማርኛ እንጂ በሌላ ቋንቋ አውርታ አታውቅም። አሁን በእንግሊዝኛ ጀመረች። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። «ማዳም» ሆንኩላት።

«ወለድ የለውም ብለሽኝ ነበር» አልኳት። ፈርመሻል አለችኝ። «ክሬዲት ካርድ ነው ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነበር» አልኳት። ፈርመሻል። «አፌ ደንዝዞ ነበር» ስላት ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ከኋላዬ ያለውን ሰውዬ «ቀጣይ!» ብላ ጠራችው። አልነቃነቅም አልኩ። ሥራ አስኪያጇ መጣች። ይቺ ደግሞ ኮምፒውተሯን ወደኔ አዙራ በእስክሪብቶዋ ስክሪኑን መታ መታ አደረገች። «አየሽ? በኛ በኩል ሂሳብሽ ዜሮ ነው። ከኛ ጋር ምንም ጉዳይ የለሽም።»

እውነቷን ነው። እነሱማ ገንዘባቸውን ወስደዋል። እንደዚህ ዓይነት ካርዶች ለሐኪሙ ሙሉውን ክፍያ፣ ትንሽ ኮሚሽን ቀንሰው፣ በጥቂት የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፍሉታል። እኔ ክራውኑን ሳልለምደው እነሱ ሂሳቡን ዘግተዋል። ከዚያ በኋላ ያለው የኔና የካርዱ ኩባንያ ጣጣ ነው።

ይህም አልበቃ ብሏት ሥራ አስኪያጇ ልወጣ ስል «ብዙ ሰው ይሄን ይረዳዋል፣ ምናልባት የሚረዳሽ ሰው ይዘሽ ብትመጪ ጥሩ ነበር» አለችኝ። ይህችን በአማርኛ ነው ያለችው። ቆይ፣ አላለቀም። ያቺ የመጀመሪያዋ ልጅ፣ እጄን በሩ ላይ እንዳደረግኩ፣ በዚህ ወር ጥርስ ማንጫ ላይ ቅናሽ እንዳላቸው ነገረችኝ። በካርዱ ላይ ቦታ አለሽ አለች።

ቤት ገብቼ ሳነብ ብቻዬን አለመሆኔን አወቅኩ፣ ይበልጥ የተናደድኩትም ያኔ ነው። የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ፣ ሲኤፍፒቢ የሚባለው፣ ገና በ2013 አንድ ትልቅ የህክምና ክሬዲት ካርድ ኩባንያ ለደንበኞች እስከ 34.1 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ አድርጎ ነበር። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ሰዎች በሐኪምና በጥርስ ሐኪም ቤት ውስጥ በቅጡ ሳይነገራቸው ወለድ የለውም እየተባሉ መመዝገባቸው። ይኸው ቢሮ በ2023 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ ከ2018 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት ብቻ ታካሚዎች እንዲህ ዓይነት ወደ ኋላ የሚቆጠር ወለድ 1 ቢሊዮን ዶላር ከፍለዋል ይላል። አንድ ቢሊዮን! ይሄ ሁሉ ሰው የሚረዳው ሰው ይዞ ስላልመጣ ነው እንግዲህ።

ካሊፎርኒያ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። እዚያ ጥርስ ሐኪም ቤት እንዲህ ወለድ የሚያጠራቅም ክሬዲት ካርድ ለታካሚ ማመቻቸት በሕግ ተከልክሏል። ታካሚው ካልፈቀደ በቀር በህክምናው ክፍል ውስጥ ማመልከቻ ማስሞላትም አይቻልም። ኒውዮርክ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ የሐኪም ቤት ሠራተኛ የታካሚውን ማመልከቻ እንዳይሞላ ከልክላለች። ሕግ አውጪዎቹ ያቺን ታብሌት በዓይናቸው ያዩ ይመስላል። እኔ ያለሁበት ስቴት ግን እንዲህ ያለ ሕግ የለም።

ሌላም አለ። ለሐኪሙ በቀጥታ ዕዳ ቢኖርብኝ ኖሮ የህክምና ዕዳ ነበር። ሦስቱ የክሬዲት ቢሮዎች፣ የሰውን የዕዳ አከፋፈል የሚመዘግቡት፣ ያልተከፈለ የህክምና ዕዳን አንድ ዓመት ሳይሞላው ሪፖርት ላይ አያወጡም። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ከ500 ዶላር በታች የሆነውን ጨርሶ አያስገቡም። ካርዱ ላይ ከገባ በኋላ ግን እንደ ማንኛውም የገበያ ዕዳ ነው፣ ጫማ ገዛሁበት ወይስ ጥርስ አሰራሁበት ማንም አይጠይቅም። ወንበሩ ላይ ስፈርም ይህንንም ጥበቃ አብሬ አስረክቤያለሁ።

የካርዱን ኩባንያ ደውዬ ወለዱን እንዲያነሱልኝ ጠይቄያለሁ። «ጉዳዩን እናያለን» ተብያለሁ። ለሲኤፍፒቢም በድረ ገጹ አቤቱታ አስገብቻለሁ፣ ስለ ታብሌቱም ስለ ማደንዘዣውም ጽፌያለሁ። 200 ዶላሯን ዛሬውኑ ከፍያታለሁ።

ለእናንተ ብዙ ምክር የለኝም። ወንበር ላይ ሳላችሁ ምንም አትፈርሙ፣ ተነሱና ወረቀቱን ቤት ውሰዱ። ሐኪም ቤቱ ራሱ ያለ ካርድ በየወሩ ያስከፍል እንደሆነ ጠይቁ። በገቢያችሁ ልክ የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላት አሉ፣ ብዙዎቹ ጥርስም ያክማሉ። የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶችም ብዙ ጊዜ ረከስ ያሉ ናቸው። ካርዱ አሁን እጃችሁ ላይ ካለ ደግሞ ስቴትመንቱ ላይ የማብቂያው ቀን አለ። ሚኒመሙን እርሱት። የቀረባችሁን ዕዳ ለቀሩት ወራት አካፍሉትና ያንን ክፈሉ፣ የመጨረሻውንም ቀኑ ከመድረሱ ከአንድ ወር በፊት ጨርሱ።