ጊሰን ያለው የሊቢግ ሙዚየም፣ ኬሚስትሪ ለተማረ ሰው ሁሉ

ፍራንክፈርትና አካባቢው ያላችሁ ሰዎች፣ ኬሚስትሪ ወይ ፋርማሲ ወይ ግብርና ተምራችሁ ከሆነ ጊሰን ከተማ ያለውን የጀርመናዊውን ኬሚስት የሊቢግን ሙዚየም ሳታዩ እንዳትቀሩ። ከፍራንክፈርት በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ከጊሰን ጣቢያ ደግሞ በእግር ቅርብ ነው፣ መንገዱ ራሱ በሰውየው ስም ሊቢግሽትራሰ ነው ሚባለው ስለዚ አይጠፋባችሁም። ከውጭ ፊት ለፊቱ አምዶች የተደረደሩበት የድሮ ቤት ነው፣ ድሮ የወታደር ካምፕ የዘበኞች ቤት ነበር። ትንሽ ሙዚየም መሆኑን ግን አውቃችሁ ሂዱ፣ ትልቅ የሳይንስ ሙዚየም ምናምን ጠብቃችሁ ከሄዳችሁ ቶሎ አይታችሁ ትወጣላችሁ፣ የሰውየውን ታሪክ ይዛችሁ ከገባችሁ ግን መውጣት ነው ሚያስቸግረው።

ስለዚ ታሪኩን ልንገራችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ዩስቱስ ሊቢግ በ1803 ዳርምሽታት ተወለደ፣ አባቱ ቀለምና ኬሚካል እየቀመመ ሚሸጥ ነጋዴ ነበር፣ ልጁም እዛው ነው ነገር መቀላቀል የጀመረው። ትምህርት ቤት ላይ ጎበዝ ሚባል አልነበረም፣ ሳይጨርስ ነው የወጣው፣ ከዛ ሄፐንሃይም ሚባል ከተማ መድኃኒት ቀማሚ ጋ ተለማማጅ ሆኖ ገባ፣ እዛም ብዙ አልቆየም። በኋላ ቦን ከዛ ኤርላንገን ተማረና የሄሰን ታላቁ መስፍን ገንዘብ ሰጥቶት ፓሪስ ሄደ። ፓሪስ ላይ ነው ሕይወቱ የተቀየረው፣ ታዋቂው ኬሚስት ጌይ ሉሳክ የራሱ ላብ (ላብራቶሪ) ውስጥ አስገብቶ አብሮት አሠራው፣ ተመራማሪው አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ደግሞ ሥራውን አይቶ ደገፈው፣ እና በ1824 ገና በ21 ዓመቱ ጊሰን ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ሃያ አንድ ዓመት! ተማሪዎቹ ከሱ ጋ እኩያ ነበሩ ማለት ነው። እስከ 1852 ድረስ ይሄ ቤት ውስጥ ነው የሠራው፣ ሙዚየም የሆነው በ1920 ነው።

መጀመሪያ የድሮውን ላብ ነው ማየት ያለባችሁ። መሀል ላይ ምድጃ፣ ዙሪያውን መደርደሪያና ጠርሙስ፣ በቃ ጠባብ ክፍል ነች። በዛን ጊዜ ጋዝ መሳቢያ (መጥፎ ጭሱን ስቦ ወደ ውጭ ሚያወጣ) ሚባል ነገር እዛ ክፍል ውስጥ አልነበረም፣ መጥፎ ጭስ ያለው ሥራ ሲሆን ወደ ውጭ አምዶቹ ስር ይዘውት ይወጡ ነበር። ከዛ በ1839 የተጨመረውን የትንተና ላብ ስታዩት ልዩነቱ ይገባችኋል፣ ሰፊ ነው፣ ብርሃን አለው፣ የሥራ ጠረጴዛዎች አሉት፣ ባለመስታወት የጋዝ መሳቢያ አለው፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምናየው ላብ ይሄንኑ ነው ሚመስለው። ትራውትሾልድ ሚባል ሰዓሊ በ1842 አካባቢ ይሄን ክፍል ከነተማሪዎቹ ስሎታል፣ ምስሉን ስልካችሁ ላይ አውጡና እዛው ቆማችሁ ከክፍሉ ጋር አስተያዩት፣ ከተሳሉት ተማሪዎች አንዱ ኦርቲጎሳ ሚባል ሜክሲኳዊ ነው። በዛ ዘመን በመርከብ ከሜክሲኮ ተነስቶ ጊሰን ሚባል ትንሽ ከተማ ድረስ ለመማር መምጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ለምን መጡ? ለኔ የሙዚየሙ ዋና ነገር እዚ ጋ ነው። በዛ ዘመን አብዛኛው የኬሚስትሪ ተማሪ አስተማሪው ከፊት ሆኖ ሲያሳይ ቁጭ ብሎ ያያል እንጂ ራሱ አይነካም። ከሊቢግ በፊት ተማሪ ላብ ያስገቡ አልነበሩም ማለት አይደለም፣ ጎቲንገን ላይ ሽትሮማየር ነበር፣ ግን ሊቢግ ነገሩን በሥርዓት አደረገው፣ ተማሪው መጀመሪያ ምንነቱ ሚታወቅ ነገር ይተነትናል፣ ከዛ ማይታወቅ ይሰጠዋል፣ ከዛ ደግሞ መልሱን ማንም ማያውቀው የራሱ ጥያቄ ይሰጠውና ውጤቱን አምጥቶ ይከራከራል። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ አብዛኛው የኬሚስትሪ ዲፓርትመንት በዚህ መንገድ ነው ሚሄደው። እኔ ቡሬት (ፈሳሽ እየለካ ሚያንጠባጥብ የመስታወት ቱቦ) በእጄ የያዝኩት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው፣ ከዛ በፊት በሱ ሚሠራውን ታይትሬሽን ሚባል ልኬት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዕሉን ገልብጬ ነው ያለፍኩት፣ ለዛ ነው እዛ ክፍል ውስጥ ቆሜ በጣም የተሰማኝ፣ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ሰው ልጆቹ በእጃቸው ይንኩት ብሎ ሲወስን ኬሚስትሪ ራሱ ነው የተቀየረው።

ካሊአፓራት ሚባለውን ብርጭቆ ሳታዩ አትውጡ። በ1831 የሠራው ነው፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የታጠፈ ቱቦ ላይ አምስት ኳሶች አሉት፣ ውስጡ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውሃ ነው ሚገባው። ሥራው እንዲህ ነው፣ አንድ ኦርጋኒክ ነገር ከመዳብ ኦክሳይድ ጋ አድርጋችሁ ታቃጥሉታላችሁ፣ ሃይድሮጅኑ ውሃ ሆኖ ይወጣና በካልሲየም ክሎራይድ ቱቦ ይያዛል፣ ካርበኑ ካርበን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በአምስቱ ኳሶች ውስጥ ሲያልፍ እዛ ይቀራል፣ ከማቃጠል በፊትና በኋላ ትመዝኑታላችሁ፣ አለቀ! ከሱ በፊት ይሄን ሥራ እንደ በርዜሊየስ ያለ ትልቅ ሊቅ ብቻ ነበር በብዙ ድካም ሚሠራው፣ ከሱ በኋላ ግን ተማሪ ሠራው፣ ስንት ካርበን ስንት ሃይድሮጅን እንዳለ ማንም የሠለጠነ እጅ ማወቅ ቻለ። የአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ ዓርማ ላይ ያለችው ብርጭቆ እሷ ነች። ላብ ውስጥ ሁላችንም ሊቢግ ኮንደንሰር ምንለው ማቀዝቀዣ ግን እሱ የፈጠረው አይደለም፣ ከሱ በፊት ነበር፣ እሱ ስላስፋፋው ስሙ ተለጠፈበት።

ተማሪዎቹን ስትቆጥሩ ደግሞ ትገረማላችሁ። ኬኩሌ ጊሰን የመጣው አርክቴክቸር ሊማር ነበር፣ የሊቢግን ሌክቸር ሰምቶ ነው ወደ ኬሚስትሪ የዞረው፣ በኋላ የቤንዚን ሞለኪውል (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን benzene ሚባለው) ቀለበት ቅርጽ አለው ያለው እሱ ነው። ሆፍማን ከዚህ ወጥቶ ለንደን ላይ በ1845 የተከፈተውን የኬሚስትሪ ኮሌጅ መራ፣ የሱ ተማሪ ፐርኪን በ1856 ሐምራዊውን ሰው ሠራሽ ቀለም አገኘና የቀለም ፋብሪካ ሚባለው ዘመን ተጀመረ። ሆርስፎርድ አሜሪካ ተመልሶ ቤኪንግ ፓውደር ሠራ። የሁሉም መነሻ ይቺ ትንሽ ከተማ ነች።

አሁን ለኛ በጣም ቅርብ ወደሆነው ልምጣ፣ ማዳበሪያ። በ1840 ኬሚስትሪን ለግብርና የተረጎመ መጽሐፍ አወጣ፣ ተክል ምግቡን ከአፈር በማዕድን መልክ ነው ሚወስደው፣ የወሰድከውን ለመሬቱ ካልመለስክለት መሬቱ ይደኸያል ብሎ ተከራከረ። የምርቱን መጠን ሚወስነው በጣም ያነሰው ንጥረ ነገር ነው ሚለውን ሕግም ሰው ሁሉ በሱ ስም ነው ሚያውቀው። እዚ ላይ ግን ሐቁን መናገር አለብኝ፣ ሐሳቡን ቀድሞ የጻፈው ካርል ሽፕሬንግል ሚባል ሌላ ጀርመናዊ ነው፣ ሊቢግ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስላስተማረው ስሙ የሱ ሆነ፣ ሽፕሬንግልን ሳስብ ያሳዝነኛል። ደግሞም ሊቢግ ራሱ በ1840ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ያሸጠው ማዳበሪያ አልሠራም፣ ዝናብ እንዳያጥበው ብሎ በውሃ ማይሟሟ አድርጎት ተክሉም ሊወስደው አልቻለም። ናይትሮጅን ላይም ከአየር ሚመጣው አሞንያ ለተክሉ ይበቃል ብሎ እንግሊዝ ሮትሃምስተድ ላይ የእርሻ ምርምር ከሚሠሩት ከሎውስና ጊልበርት ጋ ለብዙ ዓመት ተጣላ፣ እርሻው ላይ ሲታይ እነሱ ናቸው ልክ የነበሩት። ቁጡና ተከራካሪ ሰው ነበር፣ በደብዳቤም በመጽሔትም ሰው ሲሰድብ ነው የኖረው፣ ግን ዋናው ሐሳብ ቆመ። እኛ አገር ገበሬው ለስንት ዓመት ዳፕና ዩሪያ ብቻ ሲያደርግ ኖሮ፣ ከ2012 ጀምሮ የአፈር ካርታው ሲሠራ ብዙ ቦታ ሰልፈርና ቦሮንም እንደጎደለ ታየ፣ ኤንፒኤስ ሚባለው (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው) ማዳበሪያም ከዛ በኋላ ነው የመጣው። በጣም ያነሰው ይወስናል ማለት ይሄው ነው፣ የጎደለው ሰልፈር ሆኖ ናይትሮጅን ብትደራርብበት ብርህን ነው ምትበትነው።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። በመስታወት ጀርባ ብር መቀባት የመጣው ከሱ ሙከራ ነው፣ ድሮ በሜርኩሪ ነበር ሚሠራው፣ ሠራተኞቹም ይመረዙ ነበር። በ1865 በስሙ የሥጋ ኤክስትራክት (ተቀቅሎ የወፈረ የሥጋ ጭማቂ) ኩባንያ ለንደን ላይ ተቋቋመ፣ ፋብሪካው ኡራጓይ ፍራይ ቤንቶስ ነበር፣ አንድ ኪሎ ለማውጣት 30 ኪሎ ያህል ሥጋ ይፈልጋል፣ ጣዕም ይሰጣል ግን በተወራለት ልክ ገንቢ አልነበረም። በ1852 ሙኒክ ሄደ፣ ላብ ውስጥ ተማሪ ማሠልጠን አይጠበቅብህም ስላሉት ነው የሄደው፣ ጤናው ተጎድቶ ነበር። እዛም በ1853 ለንጉሣውያን ቤተሰብ ሙከራ ሲያሳይ ብርጭቆው ፈንድቶ እንግዶቹን አቆሰለ፣ ደግነቱ ማንም አልሞተም። በ1873 ሙኒክ ሞተ። የጊሰን ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በስሙ ነው ሚጠራው።

አካሄዳችሁን ልንገራችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የመክፈቻ ሰዓቱን አረጋግጡ፣ በድሮው የሌክቸር አዳራሽ ውስጥ ሙከራ እያሳዩ ሚያስተምሩበት ፕሮግራም ስላለ ቀኑን ጠይቁና ከዛ ጋ አገጣጥሙት፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ክፍሉን ባዶውን ከማየት በጣም ይለያል። ልጆች ካሏችሁ ጽሑፍ ማንበብ ይሰለቻቸዋል፣ ግን እዛው መንገድ ላይ ማቴማቲኩም ሚባል ሁሉን ነገር በእጅ እየነኩ ሚማሩበት የሒሳብ ሙዚየም አለ፣ ጠዋት እነሱን እዛ ወስዳችሁ ከሰዓት በኋላ ወደ ሊቢግ ብትመጡ ሁላችሁም ደስ ይላችኋል። ለኬሚስትሪ መምህራን ደግሞ በተለይ፣ ሚዛን ክፍሉ ጋ ጊዜ ውሰዱ፣ ያ ሁሉ ግኝት ያለቀው እዛ ሚዛን ላይ ነው።