ታጣፊ ሳይክል ለጅማና ለዙሪያዋ፦ ባለ 16 ይሻላል ወይስ ባለ 20?

ስለ ታጣፊ ሳይክል የሚጻፈው አብዛኛው ምክር ባቡር ለሚሳፈር ሰው የተጻፈ ነው። ሰውየው ቤቱ ለንደን ዳር፣ ሥራው መሀል ከተማ ነው። እስከ ጣቢያው ይነዳል፣ በደቂቃ ውስጥ ያጥፋል፣ ይዞት ይገባል። ስለዚህ ንጽጽሩ ሁሉ የሚያጠነጥነው ሲታጠፍ ምን ያህል ያንሳል በሚለው ላይ ነው።

ጅማ ግን ባቡር የላትም። የኛ ባቡር አባዱላው ነው። ወንበር ሥር ክፍት ቦታ ካለ ደግሞ የሆነ ሰው ጆንያ ቀድሞ ይዞታል።

እዚህ ቤታቸው ጅማ ሆኖ ሥራቸው ሰርቦ፣ ሰቃ፣ የቡ ወይም አጋሮ የሆነ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች አሉ። ጠዋት ከቆጪ ወይም ከጅሬን እስከ መናኸሪያ ባጃጅ ይይዛሉ። ከዚያ ሚኒባስ። ከሚኒባሱ ወርደው ደግሞ ከአስፋልቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ወይም ጤና ጣቢያው በእግር። ሁለቱን ጫፎች በሳይክል መሸፈን ከተቻለ የባጃጁ ሒሳብ ይቀራል፣ የእግር መንገዱም ያጥራል። ይህ ጽሑፍ ለእነሱ ነው።

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለአብዛኛው ሰው የምመርጠው ባለ 20 ኢንች፣ ጎማው ላይ 406 የሚል ቁጥር ያለበት፣ ማርሽ ያለው ሳይክል ነው። የሻንጣ ያህል የሚያንሰው ታዋቂው ባለ 16 እዚህ የሚያዋጣው ለጥቂት ሰው ነው። ለምን እንደሆነ እንይ።

መጀመሪያ የጎማውን ቁጥር

ኢንቹን ብቻ አትመኑ። የጎማው ጎን ላይ እንደ 47-406 ያለ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው። ጎማ ሲገዛ የሚያስፈልገው ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው።

«16 ኢንች» በሚል ስም የሚሸጡ፣ አንዱ በሌላው ቦታ የማይገቡ ጎማዎች አሉ። የልጆች ሳይክል ላይ ያለው 305 ነው። ብሮምፕተን የሚባለው የእንግሊዝ ታጣፊ የሚጠቀመው 349 ነው። ልዩነቱ 44 ሚሊ ሜትር ነው። የትኛውም ጎሚስታ በጉልበት አያስገባውም። ሻጩ «16 ነው፣ የልጆቹ ጎማ ይሆነዋል» ካላችሁ ቁጥሩን አሳዩት።

ባለ 20ውም በብዛት የሚገኘው ሁለት ዓይነት ነው። 451 ቀጭን፣ ለፍጥነት የተሠራ ነው፤ እሱን ተዉት። 406 ግን የቢኤምኤክስና የአብዛኛው ባለ 20 የልጆች ሳይክል ጎማ ነው። የልጆች ሳይክል የሚሸጥበት ቦታ ሁሉ የእናንተም መለዋወጫ አለ ማለት ነው። ጅማ መርካቶ ባይገኝ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ታስመጣላችሁ። 349 ከሆነ ግን ከውጭ የሚመጣ ሰው መጠበቅ ነው። ጎማው ማክሰኞ ጠዋት ሰርቦ ላይ ቢቀደድ ይህ ልዩነት ሳይክል ባለው ሰውና ቤቱ ውስጥ ብረት ባስቀመጠ ሰው መሀል ያለው ልዩነት ነው።

ጥቅሙ መለዋወጫ ላይ ብቻ አያበቃም። 406 ላይ እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ጎማ ይገኛል። ሰፊ ጎማ አየሩ ትንሽ ለስለስ ብሎ ይነዳል፣ ኮብልና ፒስታ ላይ እጅና ወገብ ያሳርፋል። የመደበኛው ብሮምፕተን ጎማ 35 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። አስፋልት ላይ ይበርራል። ከአስፋልት ወርዶ ጠጠር ሲገባ ግን ትንሽ ጎማ ጉድጓዱን አይዘልለውም፣ ይገባበታል።

ብሮምፕተን ራሱ ይህንን አይቶ ይመስለኛል፣ በ2024 ጂ ላይን የሚባል ባለ 20 ሰፊ ጎማ አውጥቷል። ጥሩ ሳይክል ነው። ግን ክብደቱ ወደ 14 ኪሎ ነው፣ ዋጋውም ለመምህር ደሞዝ የሚነሣ ጉዳይ አይደለም።

ታጥፎ የት ይገባል?

እዚህ ላይ ባለ 16 ብሮምፕተን ያለ ጥርጥር ያሸንፋል። ሲታጠፍ 58.5 በ56.5 በ27 ሴንቲ ሜትር ነው። የተለመደው ባለ 20 (ዳሆንና ተርን የሚባሉት ታጣፊዎች ወይም ስም የለሹ የቻይናው) ወደ 80 በ65 በ35 አካባቢ ይሆናል። ስታባዙት የባለ 20ው ይዘት የብሮምፕተንን እጥፍ ነው። ብሮምፕተን ሌላም ብልሃት አለው፦ ካቴናው ሲታጠፍ በሁለቱ ጎማዎች መሀል ይደበቃል። ግራሱ የጎረቤታችሁን ነጠላ አይነካም። ባለ 20ዎቹ ላይ ካቴናው ውጭ ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ መሸፈን ግድ ነው።

ታዲያ ትንሹ አባዱላ ውስጥ ይገባል? ሰው ካልሞላ አዎ፣ እንደ ትልቅ ቦርሳ ከእግር አጠገብ። ሲሞላ ግን ረዳቱ ሳይክል ይሁን ሻንጣ አይለይም፤ ቦታ የያዘ ነገር ሁሉ ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣል። ወይም እንዲህ ትባላላችሁ፦

«ወንድሜ፣ ይሄ የአንድ ሰው ቦታ ይይዛል። ሒሳብ ጨምር።»

ትልቁም ትንሹም መጨረሻው ጣሪያ ላይ ከሆነ ለማነሱ የከፈላችሁት ገንዘብ ምን ጠቀመ? በቡና ወቅት፣ በተለይ ኅዳር ላይ፣ ጣሪያውም ቢሆን ተራ ይጠብቃል።

ስለዚህ ጥያቄው የሚያጥፉት ለምንድነው የሚለው ነው። አባዱላው ውስጥ ለማስገባት ብቻ ከሆነ ብዙ አትጠብቁ። ሌላ ጥቅም ግን አለ። ቢሮ ጥግ ይቆማል፣ ኪራይ ቤት ውስጥ አልጋ አጠገብ ያድራል። ለሌባ መተው አይኖርም። ለዚህ ባለ 20ም ይበቃል።

ጣሪያ ላይ ለሚሄድ ሳይክል ደግሞ ማዳበሪያ ከረጢት ግዙ፣ ትልቁን። ከጭቃ ያድነዋል፣ እናንተንም ከክርክር። ከረጢት ውስጥ ያለ ነገር ዕቃ ነው፤ ራቁቱን ያለ ሳይክል ግን ተራ አስከባሪውም ረዳቱም የየራሳቸውን ዋጋ ያወጡለታል። ሲጫን የማርሹ ጎን ወደ ላይ ይሁን። ከሥር ከሆነ የማርሽ ቀያሪው ክንድ ይጣመማል፣ ከዚያ በኋላ ካቴናው ራጂ ውስጥ መግባት ይጀምራል።

ዳገቱ

ጅማ መሀሏ ሜዳ ነው። ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ ድረስ ማንኛውም ሳይክል ይሄዳል። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ወደ ጅሬን ስትወጡ ግን ነገሩ ይለያል። የወረዳ ከተሞቹ መንገድም ከአስፋልቱ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል።

ማርሽን ለማወዳደር ቀላሉ መንገድ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ሳይክሉ ስንት ሜትር ይሄዳል ብሎ መጠየቅ ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ዳገቱ ይቀላል። ባለ 20 ኢንች ጎማ አንዴ ሲዞር 1.57 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከፊት 52፣ ከኋላ 16 ጥርስ ያለው ባለ አንድ ማርሽ በአንድ ዙር 5.1 ሜትር ይሄዳል። ይህ ለሜዳ ነው፤ ጅሬን ላይ ትገፉታላችሁ። የተለመደው ባለ 7 ማርሽ ቻይና ሠራሽ ከኋላ ትልቁ 28 ጥርስ ነው፤ 2.9 ሜትር ይሆናል። ይቻላል፣ ግን ያስለፋል። ያንን 28 አውልቆ እስከ 34 የሚደርስ ባለ 7 መግጠም ይቻላል፤ ያኔ 2.4 ሜትር ይሆናል። እኔ ለዚህ አገር መንገድ ከሁሉ በፊት የማደርገው ለውጥ ይህ ነው። የማርሽ ቀያሪው ክንድ 34 የሚችል መሆኑን ግን መጀመሪያ አረጋግጡ፤ ብዙዎቹ ርካሾች 28 ላይ ያበቃሉ።

ብሮምፕተን ባለ 6 ማርሹ በቀላሉ ማርሽ 2.6 ሜትር አካባቢ ነው። ጥሩ ነው። ባለ 3 ማርሹ ግን ለሜዳ ከተማ የታሰበ ነው፤ ሰው ውጭ አገር ካለ ዘመዱ የሚላክለትም ብዙ ጊዜ ርካሹ እሱ ነው። የባለ 3ቱ ማርሽ የኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጥ ስለሆነ ጭቃ አይነካውም። ለጅማ ዝናብ ግሩም ነገር። ከተበላሸ ግን ከፍቶ የሚሠራው መካኒክ ማግኘት ከባድ ነው። ውጭ ላይ የሚታየውን ማርሽ ማንኛውም ሳይክል ሠሪ ያውቀዋል።

ከባለ 20ዎቹ የትኛው?

ዳሆን የታጣፊ ሳይክል የቆየ ስም ነው። ዴቪድ ሆን የሚባል የፊዚክስ ባለሙያ በ1982 ካሊፎርኒያ ያቋቋመው ነው። ልጁ ጆሹዋ ሆን ደግሞ በ2011 ተርንን ይዞ ወጣ። ቤተሰብ ናቸው፣ ሳይክሎቻቸውም ይመሳሰላሉ፦ ብዙዎቹ አሉሚኒየም፣ 12 ኪሎ አካባቢ። ማጠፊያቸው ጠንካራ ነው። የሚታጠፈው መጋጠሚያ ዓመት ሳይሞላው አይላላም፣ ልዩነቱን የምትከፍሉትም ለዚህ ነው።

አንድ እንከን አላቸው። የዳሆን የፊት ጎማ እምብርት ስፋቱ 74 ሚሊ ሜትር ነው፣ የተለመደው ሳይክል ግን 100። ስለዚህ ጎማና ካላማዳሪ ከገበያ ታገኛላችሁ፣ ሙሉ የፊት ቸርኬ ከነእምብርቱ ግን ከሌላ ሳይክል ነቅላችሁ አትገጥሙም። የኮርቻው ብረትም ወፍራም ነው፣ 34 ሚሊ ሜትር አካባቢ፤ ከተራ ሳይክል አይዋስም።

ስም የለሹ የቻይና ባለ 20 ብዙውን ጊዜ ብረት ነው፣ ከ14 እስከ 16 ኪሎ። ፖርቶመጋላ ላይ ለማንሣት ሁለት ሰው ባይጠይቅም ጠዋት ጠዋት ትረግሙታላችሁ። በተረፈ ርካሽ ነው። ብረቱ ቢሰነጠቅ ብየዳ ቤት ይበየዳል፤ አሉሚኒየም ግን ማንም ሰው እጁ ላይ ባለው መሣሪያ የሚበይደው አይደለም። በእኔ ግምት አዲስ ስም የለሽና ያገለገለ ዳሆን ዋጋቸው ተቀራራቢ ከሆነ ዳሆኑን ውሰዱ፣ መጋጠሚያው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ።

ፍሬን ላይ ዲስክ ያለውን ሰው ይወዳል፣ ዘመናዊ ይመስላል። ጣሪያ ላይ ለሚጫን ሳይክል ግን ስስ ዲስክ ቶሎ ይጣመማል። ተራውን ቪ ፍሬን ምረጡ። የጅማ ቀይ ጭቃ ከዝናብ ጋር ሲቀላቀል የፍሬኑን ላስቲክ ይበላል፣ ቸርኬውንም ይሞርደዋል። ላስቲኩ ግን ርካሽ ነው፣ የትም ይቀየራል። ፓራፋንጎ ያለው ይሁን፤ በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ግን ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖሩን እዩ። ከሌለ ጭቃው ይሞላና ጎማው መዞር ያቆማል።

ቫልቩ እንደ መኪና ጎማ ወፍራሙ ይሁን። ያኔ የትኛውም ጎሚስታ ይነፋላችኋል። ቀስ በል በሉት እንጂ፤ ኮምፕረሰሩ የተሠራው ለአይሱዙ ነው።

ባለ ባትሪ ታጣፊም ገበያ ላይ አለ። አብዛኞቹ ከ18 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናሉ፣ ጣሪያ ላይ ባትሪውን ነቅላችሁ መያዝ ይኖርባችኋል። ዳገቱ ላይ ያስደስታል፣ መናኸሪያ ላይ ያስለቅሳል። ቤቱና ሥራው ጅማ ውስጥ ለሆነ ሰው ይሁን።

ያገለገለ ስትገዙ

መጋጠሚያውን ዝጉ። የፊት ፍሬን ያዙና ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አወዛውዙት፣ የሌላ እጃችሁን ጣት መጋጠሚያው ላይ አሳርፉ። ሁለቱ ብረቶች ሲንቀሳቀሱ ከተሰማችሁ ይላላል ማለት ነው። አንዳንዱ ብሎኑን በማጥበቅ ይስተካከላል። ሻጩ እፊታችሁ ያስተካክለው፤ እምቢ ካለ ተዉት። መሪውን የሚያቆመውን ረጅም ብረት መጋጠሚያም እንዲሁ ፈትሹ፣ እሱ ሲለቅቅ ነው ሰው በፊቱ የሚወድቀው።

ብየዳው አካባቢ ቀለሙ እንደ ፀጉር ቀጭን መስመር ካወጣ፣ ቀለም ብቻ ነው የሚላችሁን አትስሙ። ኮርቻውንም ከፍ አድርጉና ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ዝቅተኛ መስመር ፈልጉ። ቁመታችሁ ረጅም ሆኖ ያ መስመር ከወጣ ሳይክሉ አይሆናችሁም። የሚሸከመውንም ክብደት ጠይቁ፤ ጥሩዎቹ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከ105 እስከ 110 ኪሎ ይላሉ።

ጭራሽ ታጣፊ ባትገዙስ?

ይህንን ሻጭ አይነግራችሁም። መድረሻችሁ ሁሌም አንድ ቦታ ከሆነ፣ ለምሳሌ አጋሮ መንገድ ላይ ያለ አንድ ትምህርት ቤት፣ ታጣፊውን ትታችሁ ሁለት ያገለገሉ ተራ ሳይክሎች ግዙ። አንዱ ጅማ ቤት ይደር፣ መናኸሪያው አካባቢ የምታውቁት ሱቅ ይዋል። ሌላው ከሚኒባሱ በምትወርዱበት ከተማ ዘበኛ ያለው ግቢ ውስጥ ይደር። ባለ 26 ጎማ ፒስታውን ከማንኛውም ታጣፊ በተሻለ ይሄደዋል፣ ከረዳትም ጋር ጭቅጭቅ የለም። ታጣፊ የሚያስፈልገው ሰው መድረሻው የሚቀያየር ነው፦ ዛሬ ሰቃ፣ ነገ ሰርቦ፣ ሐሙስ የቡ። የጤና ኤክስቴንሽን አስተባባሪ፣ የግብርና ባለሙያ፣ የሽያጭ ሠራተኛ። አንድ ቦታ ለሚውል ግን የሚታመን ዘበኛ ማግኘት ብቻ ነው የሚቀረው።

ታጣፊውን ለመረጠ ሰው አብሮ የሚገዛው ይህ ነው፦ ሁለት ባለ 406 ካላማዳሪ፣ አንድ ትርፍ የውጭ ጎማ፣ የብሎን መፍቻ ስብስብ፣ ማዳበሪያ ከረጢትና ሁለት ሜትር የጎማ ገመድ። ካላማዳሪውን ጅማ ውስጥ ካገኛችሁት በዚያው ቀን ግዙት፣ ዝናቡ በመጋቢት ከመጀመሩ በፊት።