ጠንካራ ሴቶች በጃፓን ፖፕ፦ የቱ ይሰማ፣ የቱ ይዘለል

«ጠንካራ ሴት» ምናምን የሚል ርዕስ ያለው የጃፓን ዘፈን ፕሌይሊስት ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ብዙ ጊዜ አንድ አይነት ነገር ነው፣ ፈጣን ድራም፣ የሚጮህ ጊታር፣ ከዛ ኮረሱ ላይ አይዞሽ ተስፋ አትቁረጪ ነገ ሌላ ቀን ነው። መጥፎ አይደሉም፣ ለመሮጥ ይሆናሉ። ግን ሶስት አራቱን በተከታታይ ከሰማችሁ የቱ የማን እንደሆነ ይምታታባችኋል። እኔ የወደድኳቸው ሌላ አይነት ናቸው፣ ሴትየዋ ጠንካራ ነኝ የሚል ቃል ሳይወጣት ያደረገችውን ብቻ የምትነግራችሁ። ስለነሱ ነው በዋናነት የምጽፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

መጀመሪያ ግን ከየት እንደተነሱ ለማየት የሚያኮ ሃሩሚን «ኪታ ኖ ያዶ ካራ» ስሙት። ፖፕ ሳይሆን ኤንካ ነው፣ የጃፓን የትዝታና የእንባ ዘፈን አይነት፣ የ1976 የጃፓን ሬኮርድ አዋርድን የወሰደ። አንዲት ሴት ሰሜን ያለ ማደሪያ ቤት ብርዱን ችላ ተቀምጣ ለተለያት ሰው ሹራብ ትሰራለች፣ እሱ መቼም እንደማይለብሰው እያወቀች። ዘፈኑ በጣም ያምራል፣ ምንም አልልም። ግን በዛን ጊዜ በዘፈን ውስጥ ብዙ የምታገኟት ሴት ይቺ ነበረች፣ የምትጠብቅ፣ የምትችል፣ የምታለቅስ።

በ1978 ደግሞ ያማጉቺ ሞሞኤ «ፕሌይባክ ፓርት 2»ን ይዛ መጣች፣ 19 ዓመቷ ነው። ሴትየዋ ብቻዋን ቀይ ፖርሸ እየነዳች ነው፣ አንድ መስቀለኛ ላይ ጎኗ ያለው ሹፌር መስታወቴን ጫርሽው ብሎ ይጮህባታል፣ እሷም አትናቀኝ ጥፋቱ ያንተ ነው ብላ ትመልስለታለች። ከዛ ሙዚቃው ቀጥ! ብሎ ይቆምና ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ለካ ይህንኑ ቃል ትናንት ማታ ለራሷ ሰውዬ ብላዋለች፣ ስሜቱ ሲመጣ ብቻ እያቀፋት ሴት ሁልጊዜ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች ብሎ የሚያስበውን፣ ማሙሽ ለመሆኑ ምን ተምረህ ነው ያደግከው እኔም እኮ ይደክመኛል ትለዋለች። ግጥሙን የጻፈችው አኪ ዮኮ ሴት ናት፣ ዜማው የባሏ የኡዛኪ ሪዩዶ ነው። ባይ ዘ ዌይ ኤንኤችኬ የህዝብ ጣቢያ ስለሆነ ማስታወቂያ እንዳይመስል ብሎ እዛ ስትዘፍን ፖርሸዋ «መኪና» ሆናለች፣ ቀይ መኪና ማለት እኮ ከዘፈኑ ግማሹን ወዝ ይወስዳል። የኔ ቅሬታ መጨረሻው ላይ ነው፣ ያን ሁሉ ተናግራ ወደሱ ለመመለስ ትወስናለች። ተናድጃለሁ እውነቱን ለመናገር፣ ግን ድምጿ ውስጥ ሽንፈት የለም፣ መንገዱንም መሪውንም የያዘችው ራሷ ናት፣ እና ከብዙ ጊዜ በኋላ ይቅር አልኳት። ሞሞኤ ራሷ በ1980 21 ዓመቷ ላይ ልታገባ ስለሆነ ቡዶካን አዳራሽ የመጨረሻ ኮንሰርቷን አድርጋ ማይኩን መድረኩ ላይ አስቀምጣ ሄደች፣ ወደ መድረክም አልተመለሰችም። ትዳር ብላ ሙያዋን ጣለች የሚሉ አሉ። እንደኔ ግን ያን ሁሉ ዝና በቃኝ ብሎ ትቶ ለአስርት ዓመታት አለመመለስ ቀላል አንጀት አይጠይቅም።

አሁን ወደ ዋናው። ናካጂማ ሚዩኪ፣ «ፋይቶ!» (ታገል! እንደማለት)፣ 1983፣ «ዮካን» የሚለው አልበሟ መጨረሻ ላይ ያለ። ከዚህ ሁሉ አንድ ብቻ ስሙ ብባል ይሄንን ነው የምለው፣ ምክንያቱም ርዕሱን አይታችሁ የስታዲየም ጩኸት ስትጠብቁ የሚመጣላችሁ ሰው ቁጭ አድርጎ እንደሚያወራችሁ አይነት ነገር ነው። ናካጂማ በዛን ወቅት የማታ ሬድዮ ፕሮግራም ነበራት፣ «ኦል ናይት ኒፖን»፣ አድማጮች ደብዳቤ ይልኩላታል፣ እና የዘፈኑ አጻጻፍም እንደዛው ነው፣ የተለያዩ ሰዎች ድምጽ በየተራ ይገባል። የመጀመሪያዋ ልጅ የተማርኩት እስከ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ብቻ ስለሆነ ስራ አይሰጡኝም ብላ ትጽፋለች፣ የእጅ ጽሁፏ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ ሌላ ሰው ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ አንዲት ሴት ህጻን ልጅ ገፍትራ ስትጥል አይቶ ሳይጮህ ሳይረዳ የሸሸ፣ ጠላቴ እኔው ነኝ የሚል። ከዛ ከገጠር ወደ ቶኪዮ ለመሄድ ትኬት የቆረጠ፣ ብትሄድ ዘመዶችህን እዚህ አናኖራቸውም ተብሎ የቀረ። ወደ መጨረሻው ደግሞ አንዷ ወንድ ሆኜ ብወለድ ይሻለኝ ነበር ትላለች፣ ምክንያቱ ምን መሰላችሁ፣ ቢያንስ በጉልበት የወንድ ፍላጎት መጫወቻ ባልሆንኩ ትላለች። በ1983 ፖፕ አልበም ላይ! ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ነው የምትለው፣ ለዛ ነው ሚያስደነግጠው።

በመሀል በመሀል ወንዝ ወደ ላይ የሚዋኙ ዓሶች አሉ፣ ቅርፊታቸው እየተላጠ። ኮረሱም የሚታገለውን ሰው የማይታገሉት ይስቁበታል ነው የሚለው፣ ታሸንፊያለሽ አይልም፣ አንድም ቦታ ላይ አይልም። ደብዳቤ የጻፈችው ልጅ ስራ ታግኝ አታግኝ አናውቅም። ብዙ የማበረታቻ ዘፈን እዚህ ጋ ነው ሚወድቀው፣ ማሸነፍን ቃል ይገባል፣ የከፋ ቀን ላይ ስትሰሙት ታዲያ የሆነ ሰው የሚያሾፍባችሁ ይመስላል። ይሄ አያሾፍም። በ1994 እንደገና በሲንግል ወጥቷል፣ ሌሎችም ብዙ ዘፍነውታል፣ የሷን አስቀድሙ።

ሺና ሪንጎ «ካቡኪቾ ኖ ጆኦ» (የካቡኪቾ ንግስት) 1998። ካቡኪቾ ቶኪዮ ሺንጁኩ ውስጥ ያለ የማታ ሰፈር ነው፣ ባሩ ክለቡ። ልጅቷ ከአያቷ ጋር ቺባ ባህር ዳር ያለውን ኩጁኩሪ እያስታወሰች ትጀምርና እናቷ የዛ ሰፈር ንግስት እንደነበረች፣ 15 ዓመቷ ላይ ጥላት ከአንድ ሰውዬ ጋር እንደጠፋች ትነግራችኋለች፣ ከዛ ዙፋኑን ራሷ ትወርሳለች። ሰው እንዲያዝንላት የፈለገች ቀን ሁሉን እንደምታጣ ታውቃለች። ሪንጎ ይሄን ስታወጣ ገና 19 ናት፣ ዜማው ደግሞ ያረጀ የመጠጥ ቤት ዘፈን አይነት ተደርጎ ነው የተሰራው፣ ሆን ተብሎ። ይቺ ሴት ጠንካራ ናት ወይስ የተጎዳች? እኔ ሁለቱንም ነው የምሰማው፣ ለዛም ነው የማይሰለቸኝ።

ፕሪንሰስ ፕሪንሰስን ቶሎ ልለፍ፣ አምስት ሴቶች ራሳቸው እየጻፉ ራሳቸው የሚጫወቱ ባንድ፣ «ዳይመንድስ» በ1989 በኦሪኮን፣ የጃፓን የሽያጭ ሰንጠረዥ ነው፣ የዓመቱ አንደኛ ሲንግል ነበር። ጆሮ ላይ ቀለል ይላል፣ ዘመኑም ያስታውቅበታል። ከዘፈኑ ይልቅ የማደንቀው በ1996 ተበትነው በ2012 ለ2011ዱ የጃፓን ሱናሚ ተጎጂዎች እርዳታ ብለው እንደገና መሰባሰባቸውን ነው። ከማበረታቻዎቹ ደግሞ አንድ የማልዘለው የድሪምስ ካም ትሩ «ናንዶዴሞ» 2005 ነው፣ አስር ሺህ ጊዜ ወድቀሽ ቢሆንም የሚቀጥለው ላይ ምናልባት የሆነ ነገር ሊቀየር ይችላል ይላል፣ ያቺ «ምናልባት» ናት ያዳነችው። የዘፋኟ የዮሺዳ ሚዋ ጉሮሮም እንዳለ ሆኖ።

አዶ። «ኡሴዋ» (ዝም በሉ እንደማለት) የወጣው ጥቅምት 2020፣ 18 ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት። ግጥሙና ዜማው የራሷ አይደለም የስዩዶ ነው፣ ወንድ ነው የጻፈው። አርፎ የኖረ ጎበዝ ተማሪ ስራ ይገባል፣ ከስራ በኋላ በሚደረገው መጠጥ ላይ ባዶ ብርጭቆ ካየህ ቶሎ ሙላ፣ ስጋውን ለሰው እንዲመች ከእንጨቱ አውጣ፣ ለትእዛዝና ለሂሳብ ቀድመህ ተነስ፣ እና በቃ ይፈነዳል። የአዶ ድምጽ ጉድ ነው፣ ታጉረመርማለች ትጮሃለች እንደገና ታቃልላለች፣ ፊቷን ሳታሳይ ነው ይህን ሁሉ ያደረገችው፣ በ2024 ደግሞ ቶኪዮ ብሔራዊ ስታዲየም ብቻዋን የዘፈነች የመጀመሪያ ሴት ሆናለች። ግን እንደ ዘፈን ደጋግሞ ለመስማት ያደክማል፣ ንዴቱ ከፍ ብሎ ይጀምራል እዛው ይቆያል፣ የሚሄድበት የለውም። በሄድፎን ከሆነ ቮልዩም ቀንሱ።

ከአዲሶቹ የኔ ምርጫ የቻንሚና «ቢጂን» (ቆንጆ ሴት) 2021 ነው። ገና ተማሪ ሆና ወደ መድረክ ስትወጣ አስቀያሚ እያሉ በኮመንት የሰደቧትን አንድ በአንድ ትመልሰዋለች፣ ቀጥና ስትመጣ ደግሞ ቆንጆ ማለት የጀመሩትንም አልማረችም፣ እንደውም እነሱ ላይ የበለጠ ትጨክናለች። ቢቱ ከባድ ነው፣ ራፑ ጥርስ አለው። ከዛ እሷው የመራችው «ኖ ኖ ገርልስ» የሚባል ኦዲሽን ቁመት ክብደት እድሜ አያስፈልገኝም ድምጽሽንና ኑሮሽን አሳዪኝ ብሎ ተጀመረ፣ ከዛ የወጡት ሰባቱ ልጆች ሃና ተብለው በሚያዝያ 2025 «ሮዝ»ን አወጡ። ድምጽ አላቸው፣ ላይቭ ሲዘፍኑ እንደውም ከቅጂው ይሻላሉ። «ሮዝ» ላይ ያለው የእሾህና የአበባ ነገር ግን ትንሽ የተለመደ ሆኖብኛል፣ ልጆቹ ከዘፈኑ ይበልጣሉ።

ለጀማሪ ቅደም ተከተል ካስፈለገ «ፕሌይባክ ፓርት 2»፣ «ቢጂን»፣ ከዛ ሪንጎ። «ፋይቶ!»ን የግጥሙን ትርጉም ይዛችሁ ስሙት፣ እቃ እያጠባችሁ ከኋላ ከከፈታችሁት አንዲት ሴት በጊታር ስታጉረመርም ነው የሚመስላችሁ።