ወንድሜን ከትልቅ ሞተር ጋር በወጉ ላስተዋወቀልን ሰው ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ቤታችሁ ውስጥ ጉልበተኛ ሞተር የገዛ ወይም ሊገዛ ያሰበ ሰው ካለ ይህችን ጽሁፍ አንብቡልኝ። አንድ ሰው ላመሰግን ነው። እግረ መንገዴንም ላስተዋውቃችሁ።

ታናሽ ወንድሜ ባህር ዳር እያለ ለዓመታት ቦክሰር የሚባለውን ትንሽ ሞተር ነድቷል። እጁ ጥሩ ነው። እዚህ መጥቶ ሥራው ሲደላደልለት ያገለገለ ያማሃ አር 6 ገዛ። እኛ ቤት እንቅልፍ ጠፋ። እሱ ግን «ሞተር ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም» ይለን ነበር። በአንድ ወዳጃችን ጥቆማ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሚያሰለጥን አንድ ሐበሻ አገኘን። ጋሼ ነው የምንለው። ስሙ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለገ እኔም ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

ጋሼ መጀመሪያ ቁልፉን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ስለ ጉልበት ነው ያወራው። 150 ሲሲ ቦክሰር 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። አር 6 ደግሞ 599 ሲሲ ሆኖ ከ100 የፈረስ ጉልበት በላይ ያወጣል፤ ነዳጅ ሞልቶ ክብደቱ 190 ኪሎ አካባቢ ነው። ሁላችንም የምናውቃት የድሮዋ ኮሮላ መኪና ጉልበቷ ከ130 እስከ 140 ቢሆን ነው፣ እሷም 1,300 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። «ቦክሰር ላይ እጅህ ቢሳሳት ሞተሩ ይታገስሃል። ይሄኛው አይታገስህም» አለው። ወንድሜ ዝም አለ። እኛ ስንት ቀን ለምነን ያላገኘነውን ዝምታ ነው ጋሼ ያገኘው።

አውሮፓ ቢሆን ሕጉ ራሱ ያግዛል። እዚያ ኤ2 የሚባለው መንጃ ፈቃድ ከ35 ኪሎዋት፣ ማለትም ከ47 የፈረስ ጉልበት ገደማ በላይ የሆነ ሞተር አያስነዳም። እዚህ ግን መንጃ ፈቃድህ ላይ ኤም፣ ማለትም የሞተር ምድብ፣ ከተጻፈ በማግስቱ ያሻህን መግዛት ትችላለህ። ስለዚህ ጋሼ የራሱ ሕግ አለው። በስቴቱ የሚሰጠውን የጀማሪዎች ኮርስ በትንንሾቹ የማሰልጠኛ ሞተሮች ሳይጨርስ የመጣ ሰው አይቀበልም። ወንድሜ አጉረመረመ፣ ግን ሄዶ ተማረ። አር 6ቱ በሸራ ተሸፍኖ ጠበቀው።

ቀጥሎ ልብሱን መረመረ። ሄልሜት በእነዚህ ሦስቱም ቦታዎች ግዴታ ነው፤ ጋሼ ግን አገጭንም የሚሸፍነውን ነው የሚቀበለው። ከኋላው ዶት የሚል፣ የመንግሥትን የደህንነት ደረጃ ያሟላል ለማለት የሚለጠፍ ስቲከር ስላለ ብቻ አትመኑ ይላል፤ ስቲከሩ በሳንቲም የሚገዛ ነገር ነው፣ ውስጡ ስስ ስፖንጅ ብቻ ያለበት ቀላል ቆብ ላይም ለጥፈው ይሸጣሉ። የአሜሪካ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ሄልሜት ከነጂዎች ሞት 37 በመቶውን እንደሚከላከል ይገምታል። ጓንት፣ ክርንና ትከሻው ላይ መከላከያ ያለው ጃኬት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፤ አንዷ ከጎደለች ትምህርት የለም። ባህር ዳር በነጠላ ጫማ ለነዳ ልጅ ይህ ቀላል አልነበረም፣ በተለይ በሐምሌ ሙቀት።

ልምምዱ እሁድ ጠዋት ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ነበር። እኔም ቡናዬን ይዤ ዳር ላይ እቀመጥ ነበር። ከሁሉም ያስገረመኝ የፍሬን ትምህርቱ ነው። ብዙ ቦክሰሮች የፊት ፍሬናቸው ከበሮ ነው፣ ለስላሳ ነው። ስለዚህ አገር ቤት የለመደ ነጂ የኋላውን በእግሩ ረግጦ፣ የፊቱን ደግሞ ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። አር 6 ከፊት ሁለት ትልልቅ ዲስኮች አሉት። ያንን በድንገት ጭምቅ ካደረግህ የፊት ጎማው ተቆልፎ መሬት ላይ ያነጥፍሃል። የኋላውን አጥብቀህ ከረገጥክ ደግሞ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ስለሄደ የኋላው ጎማ ይንሸራተታል። ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ መሣሪያ፣ ያለው ሞተር ከዚህ ያድናል፤ የወንድሜ ግን ቆየት ያለ ስለሆነ የለውም። እና ገና ሞተር ያልገዛችሁ ካላችሁ፣ ጋሼ ኤቢኤስ የሌለው አትግዙ ነው የሚለው።

ታዲያ እንዴት ይያዝ? በመጀመሪያ የፊቱን በስሱ ነካ ታደርጋለህ። ክብደቱ ወደ ፊት ወርዶ ጎማው አስፋልቱን እስኪጫን ጥቂት ትጠብቃለህ። ከዚያ እየጨመርክ ትጨምቃለህ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው የሚያልቀው። በሰዓት ከ20 ማይል ጀመሩ፣ ከዚያ 30። ደግመው ደጋግመው፣ እጁ ያለ ሐሳብ እስኪሠራው ድረስ። ጋሼ አይቸኩልም፣ አይጮህም። ሲሳሳት «ቁም፣ ልጄ» ብሎ ጠርቶ እጁን ይዞ ያሳየዋል።

ጋዝ አሰጣጡም እንዲሁ ነው። የእጅ አንጓህ ዝቅ ብሎ ይሁን ይላል። አንጓህን ከፍ አድርገህ ከያዝክ ጉድጓድ ሲመታህ ሰውነትህ ወደ ኋላ ሲሄድ እጅህ ሳታስበው ጋዙን ይከፍተዋል። 12 ጉልበት ላይ ይህ ምንም አይደለም፤ ከ100 በላይ ሲሆን ግን አደጋ ነው።

መንገድ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ደግሞ ስለ መስቀለኛ መንገድ ረዘም ያለ ወሬ ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ኸርት የመሩት ጥናት አለ። ሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄደው መርምረዋል። ሞተር ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር በተጋጨባቸው አደጋዎች፣ ከሦስቱ በሁለቱ ቅድሚያ የከለከለው የሌላው ተሽከርካሪ ሹፌር ነበር። ዋናው ደግሞ ከፊት መጥቶ ወደ ግራ የሚታጠፈው መኪና ነው። ሹፌሩ ሞተሩን አላየውም፣ ወይም አይቶ ፍጥነቱን አሳስቶ ገምቷል። ጋሼ የሚያስተምረው መድኃኒት ይሄ ነው፦ ሹፌሩ ዓይንህን ቢያይም አትመነው፣ የፊት ጎማውን ተመልከት። ጎማው መዞር ከጀመረ መኪናው እየመጣ ነው። ጣቶችህ ቀድመው ፍሬኑ ላይ ይሁኑ፣ ፍጥነትህንም ቀንስ። እኔ መኪና ነጂ ነኝ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ወደ ግራ ስታጠፍ ሁለቴ ነው የማየው።

ስለ ኩርባም ያስተምራል፤ ዓይንህ ወደምትሄድበት ይሁን፣ ጉድጓዱን ካፈጠጥክበት ጉድጓዱ ውስጥ ትገባለህ። የበልግ ቅጠል፣ ዝናብ የነካው የመንገድ ቀለም፣ የብረት ክዳን፣ እነዚህ ላይ ፍሬን አትያዝ። ጠዋት ጎማው ገና ቀዝቃዛ እያለ አትጋልብ። የጎማውን ነፋስ ጎማው ሳይሞቅ ለካ፣ ካቴናውን እይ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት የከለከላቸውን ነገሮች ግን ከሁሉ በላይ አመሰግንበታለሁ። ከኋላ ሰው መጫን የለም። ሌሊት የለም። 495 አውራ ጎዳና ላይ መውጣት የለም። አንድ ቢራም ቢሆን ተጠጥቶ ቁልፍ መንካት የለም። ከልምድ ካላቸው ጓደኞች ጋር ተሰልፎ መውጣትም አይፈቅድም፣ ጀማሪ እነሱን ላለማጣት ሲል ከአቅሙ በላይ ይነዳል ይላል። ወንድሜ እኛ ብንለው አይሰማንም ነበር። ጋሼን ሰማው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱን ክልከላ ለምን እንደሆነ እያስረዳ ነው የከለከለው፤ ያውም በሚገባው ቋንቋ። እንግሊዝኛው ለማይቸግረው ሰው እንኳ «ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገህ ልቀቅ» ሲባል ቶሎ እጅ ላይ ይደርሳል።

ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ጋሼ ጥብቅ ሰው ነው። አርፍዶ የመጣን ይመልሳል። በሁለት ቀን አሰልጥንልኝ የሚለውን አይቀበልም። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ብቻ ስለሚያሰለጥን ወረፋ አለ፣ በተለይ ከሚያዝያ ጀምሮ ሙቀቱ ሲመጣ። ስለዚህ በክረምቱ ቅዝቃዜ ወቅት ተመዝገቡ። ክፍያው ለሚሰጠው ጊዜ በጣም ተመጣጣኝ ነው። ሴቶችንም ያሰለጥናል፤ እኔ ባለሁበት ሁለት እህቶች ሲማሩ አይቻለሁ፣ አያያዙ እኩል ነው። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።

ጋሼ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። እናታችን ከባህር ዳር በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ሞተሩ ነበር፣ አሁን ስለ አንተ ጤንነት ትጠይቃለች። ዕድሜና ጤና ይስጥልን፣ ልጆችህን ያሳድግልህ። እግዚአብሔር ያክብርልን።