ከባህር ዳር ለሶፍትዌር ሠሪዎች፦ «ባለብዙ ትሬድ ነው» ተብሎ የተሸጠልን ሰርቪስ

በባህር ዳር ለሶፍትዌር መፈተሻ ፍሬምወርክ (ፈተናዎችን ለሚያስኬድ ማዕቀፍ) የሚሆን ሰርቪስ፣ ማለትም በላዩ ላይ የሚጨመር አንድ ሥራ የሚሠራ ክፍል፣ በትእዛዝ ለማጻፍ የምታስቡ ሁሉ፣ ይህን ሳታነቡ ገንዘብ እንዳትከፍሉ። የወጣው 80,000 ብር የድርጅታችን ነው፤ ንዴቱ ግን የእኔ ነው፤ ውሉን የተከታተልኩትም ርክክቡን የፈረምኩትም እኔ ነኝና። ጉዳዩ ገና በደብዳቤ ላይ ስለሆነ የጻፈልንን የሶፍትዌር ቤት ስም አልጽፍም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ፦ ድረ ገጽ፣ የሞባይል መተግበሪያ፣ የሒሳብ ሶፍትዌር፣ የካሜራ ገጠማና የኔትወርክ ዝርጋታ በአንድ ባነር ላይ ተደርድረው የሚነበቡበት፣ ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ የሚቀበል፣ ከዚያ በኋላ ሲደወልለት «ልጆቹ እየጨረሱት ነው» የሚል ቤት ነው።

ያዘዝነው ሥራ የማይታወቅ ነገር አልነበረም። ከባህር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት ለሚሄዱ ጀልባዎች ትኬት የሚቆርጥ የሞባይል መተግበሪያ እንሠራለን፤ የአንድሮይድ ሥሪታቸው የተለያየ ስልኮችን ጠረጴዛ ላይ ደርድረን ከብዙ ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ እንፈትሸዋለን። ፈተናዎቹን የምናስኬደው አይቢኤም ሠርቶ ምንጭ ኮዱን ለሁሉም ክፍት ባደረገው፣ ስታፍ በተባለ የመፈተሻ ፍሬምወርክ ነው። ስታፍ አርጅቷል የሚሉኝ አሉ። ነገር ግን በየኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራው ስታፍፕሮክ የተባለው የስታፍ ፕሮግራም ከሌላው ጋር በቀጥታ ስለሚነጋገር ማዕከላዊ ሰርቨርም ኢንተርኔትም አያስፈልገውም፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ባየንበት አገር ይህ እንደ ዋዛ የሚታይ ጥቅም አይደለም።

በስታፍ ሥራው ሁሉ በሰርቪስ ይከናወናል፤ ፋይል የሚቀዳው፣ ፕሮግራም የሚያስነሣው፣ መዝገብ የሚይዘው እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ሰርቪስ ነው፤ የጎደለውን ደግሞ ተጠቃሚው ጽፎ ይጨምራል። ለእኛ የጎደለን ስልክ አዳዩ ነበር። አብሮ በነጻ የሚመጣው ሬስፑል የተባለው ሰርቪስ የጋራ ዕቃን ለአንድ ጠያቂ ብቻ እያዋሰ መልሶ ይቀበላል፤ ነገር ግን እርሱ የሚያውቀው በዝርዝሩ ላይ ያለውን ስም እንጂ የስልኩን ባትሪ ወይም የተጫነበትን የመተግበሪያ ሥሪት አይደለም። እኛ የፈለግነው «ባትሪው በቂ የሆነ፣ አዲሱ ሥሪት የተጫነበት ስልክ ስጠኝ» ሲባል የሚመርጥ፣ ከሌለ ጠያቂውን የሚያስጠብቅ፣ ሲመለስም ለተራኛው የሚሰጥ ሰርቪስ ነው። በጃቫ የሚጻፍ የስታፍ ሰርቪስ ዋና ዋና ሜተዶቹ (በስም የሚጠሩ የኮድ ክፍሎቹ) ሦስት ናቸው፤ አንዱ ሲነሣ፣ አንዱ ሲዘጋ ይጠራል፤ ሦስተኛው አክሴፕት ሪኩዌስት ጥያቄ ይቀበላል። ስታፍ ይህን ሦስተኛውን ከብዙ ትሬዶች (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄዱ የሥራ መስመሮች) በአንድ ጊዜ ስለሚጠራው የጋራ መዝገቡን እንዳይዛባ መጠበቅ የጸሐፊው ኃላፊነት ነው። ይህን ሁሉ ለቤቱ በጽሑፍ ሰጥተናል፤ «ባለብዙ ትሬድ» የሚለውም በውሉ ላይ በግልጽ ሰፍሯል።

በርክክቡ ዕለት ሁለት ላፕቶፕ ይዤ ሄድኩ። ሥራውን የጻፈው ልጅ ጆሮው ላይ የሰካውን ሳያወጣ አንድ ጥያቄ ልኮ አንድ ስልክ ተሰጠውና «ይኸው» አለኝ። ከሁለቱ ላፕቶፖች እኩል እንጠይቅ አልኩ። ጠየቅን፤ ሁለቱም ላይ የአንዱ ስልክ ስም መጣ። አንዱ ፈተና የቆረጠውን ትኬት ሌላው ይሰርዘዋል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ውጤት ሁሉ ሐሰት ነው። ለልጁ ይህን ሳስረዳው ጭንቅላቱን እንኳ አልነቀነቀም። ኮዱን ከፈተ፤ ዓይኔ እያየ አክሴፕት ሪኩዌስት ከሚለው መስመር ላይ አንዲት ቃል ጨመረ፤ ሲንክሮናይዝድ። አስቀመጠ፣ እንደገና አስነሣ፣ ደግመን ጠየቅን። ሁለት የተለያዩ ስልኮች ወጡ። ብናደጋግመውም ልክ ነበር። ሥራ አስኪያጁ የርክክብ ሰነዱን አቀረበልኝ፤ ፈረምኩ፤ ቀሪውን 40,000 ብር እዚያው በሞባይል ባንኪንግ አስተላለፍኩ። ላፕቶፖቹን ወደ ቦርሳ እያስገባሁ ሳለ አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወረፋውስ?» አለው። ልጁም «ይበቃቸዋል፤ ባህር ዳር ነው» ብሎ መለሰለት።

ስለ ምን እንደሚነጋገሩ አልገባኝም ነበር። የገባኝ ቢሮ ተመልሼ የፈተናዎቹን ቁጥር ከስልኮቹ በላይ ሳደርገው ነው። ስልኮቹ ሁሉ ተያዙ፤ ቀጣዩ ጠያቂ ተራ ይጠብቅ ጀመር፤ ከዚያ በኋላ ሰርቪሱ ሙሉ በሙሉ ቆመ። የጨረሰ ፈተና ስልኩን መመለስ አልቻለም፤ ዝርዝር አሳየኝ የሚለው ቀላል ጥያቄ እንኳ መልስ አጣ። ስታፍፕሮክን አጥፍቶ ከማስነሣት በቀር መውጫ አልነበረውም፤ ሲነሣም ማን የትኛውን ስልክ እንደያዘ የሚገልጸው መዝገብ ሁሉ ጠፍቶ ነበር።

ከጃቫ ጋር የሚመጣውን ጄስታክ የተባለ መሣሪያ አስኬድኩና የትሬዶቹን ሁኔታ አወጣሁ። አንዱ ትሬድ አክሴፕት ሪኩዌስት ውስጥ ሆኖ ስሊፕ (ለጊዜው ተኛ የሚለው ትእዛዝ) ላይ ተኝቷል፤ የቀሩት በሙሉ በዚያው ሜተድ መግቢያ ላይ «ብሎክድ» (ታግደው የቆሙ) ተብለው ተደርድረዋል። በፍላሽ የሰጡንን ምንጭ ኮድ ስከፍት ነገሩ ግልጽ ሆነ። የተጨመረችው ቃል በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ትሬድ ወደ ሜተዱ እንዳይገባ ትቆልፋለች። ያልተያዘ ስልክ ሲታጣ ደግሞ ኮዱ ነጻ ስልክ እስኪገኝ ድረስ በሉፕ እየዞረ ስሊፕ ያደርጋል። ስሊፕ የያዘውን ቁልፍ አይለቅም። ዘበኛው ቁልፉን በኪሱ ይዞ ውስጥ ተኝቷል፤ ዕቃውን ሊመልስ የመጣው ሰው ውጭ ቆሞ በር ያንኳኳል። ጠባቂው የሚጠብቀው ስልክ በሚጠበቀው ሰው እጅ ነው፤ እርሱ ደግሞ እንዳይገባ የከለከለው ራሱ ጠባቂው ነው።

ይበልጥ የሚያናድደው መፍትሔው ጥንታዊ መሆኑ ነው። ዌይት የሚባለው ትእዛዝ ትሬዱ ሲተኛ ቁልፉን እንዲለቅ፣ ኖቲፋይ ኦል ደግሞ ስልክ ሲመለስ ተኝተው የሚጠብቁትን እንዲቀሰቅስ ያደርጋል፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣው ከመጀመሪያው ጃቫ ጀምሮ ያሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው ጃቫ 5 ወዲህማ ለዚሁ የተዘጋጁ ወረፋዎች በቋንቋው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጠዋል። ልጁ ይህን አያውቅም ብዬ አላምንም፤ «ወረፋውስ?» ብሎ የጠየቀው ጓደኛው ያውቃል። ቃሏ ከመጨመሯ በፊት የነበረው ኮድ አንዱን ስልክ ለሁለት ይሰጥ ነበር እንጂ አይቆምም ነበር። ስለዚህ በዓይኔ ፊት የተደረገው ነገር ጥገና ሊባል አይችልም፤ የሚታየው ስሕተት ወጥቶ ፊርማዬ እስኪደርቅ የማይታይ ስሕተት ገባ።

የጄስታኩን ውጤት አትሜ ተመለስኩ። ልጁ ወረቀቱን ሳይቀበለኝ «የስታፍ ችግር ነው፤ ድሮ የተሠራ ነገር ነው» አለ። ስታፍ በዚያ ሰዓት ሌሎቹን ሰርቪሶች ሁሉ በትክክል ያስተናግድ እንደነበር፣ የቆመው የእነርሱ ሰርቪስ ብቻ እንደሆነ ነገርኩት፤ ፊቱን ወደ ስክሪኑ መለሰ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ፈገግ ብሎ «እህቴ፣ ስልክ ጨምሩ። ስልክ ካልጠፋ አይቆምም» አለኝ። ለመሆኑ ወረፋ የማይዝ ወረፋ አስያዥ ለምን ይገዛል ብዬ ስጠይቀው «የባህር ዳር ድርጅት ስንት ፈተና በአንድ ጊዜ የሚያስኬድ መስሎሽ ነው? ይህን የሚያህል ነገር አዲስ አበባም አልጠየቁን» ብሎ የፈረምኩበትን ሰነድ ከመሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» የወረድኩት ገንዘቡ ከገባ በኋላ መሆኑን ልብ በሉልኝ። በዚህች ከተማ ከዩኒቨርሲቲው ፖሊ ካምፓስ በየዓመቱ በኮምፒውተር ትምህርት የሚመረቁ ልጆች አሉ፤ እንዲህ ያለውን ሥራ በደንብ የሚሠሩትን አውቃለሁ። «ባህር ዳር ነው» ብሎ የተናገረው ልጅም እዚሁ ያደገ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሰርቪሱን ስንገጥም በስታፍ የማዋቀሪያ ፋይል ላይ ለሁሉም ኮምፒውተር የመታመኛ ደረጃውን 5 እንድናደርግ አዝዘውን ነበር። በስታፍ ደረጃው ከ0 እስከ 5 ነው፤ ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ ፕሮግራም ለማስነሣት የሚጠየቀው ያ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ በቢሯችን ኔትወርክ ላይ ስታፍ የጫነ ማንኛውም እንግዳ በእኛ ኮምፒውተሮች ላይ የፈለገውን ፕሮግራም ማስነሣት ይችል ነበር። ምክንያቱን ስጠይቅ «አለበለዚያ ያስቸግራል» ተባልኩ። ወደ ቦታው መልሰነዋል።

አሁን ከገና በፊት መውጣት የነበረበትን ሥሪት ፈተናዎቹን አንድ በአንድ እያስኬድን እንፈትሻለን፤ ስልክ አዳዩንም ሰርቪስ እኛው ከሥሩ እየጻፍነው ነው።

ለምታዝዙ ሰዎች የምለው አጭር ነው። በውሉ ላይ «ባለብዙ ትሬድ» የሚል ቃል ብቻ አትጻፉ፤ ጠያቂዎቹ ከዕቃዎቹ በሚበዙበት ሁኔታ፣ መመለሱም በመካከሉ እየተካሄደ፣ በራሳችሁ ኮምፒውተሮች ላይ የሚደረገው ፈተና ሳይሳካ ሁለተኛው ክፍያ እንደማይከፈል ጻፉ። ምንጭ ኮዱን ከርክክቡ በፊት ተቀበሉና አንብቡ፤ ሲንክሮናይዝድ እና ስሊፕ በአንድ ሜተድ ውስጥ ካያችሁ ወዲያው ጠይቁ። እኛ ገንዘባችን እንዲመለስ በደብዳቤ ጠይቀናል፤ ደብዳቤው መድረሱን ፈርመው ተቀብለዋል፤ መልስ ግን አልሰጡም።