ጅማ ላይ ያገለገለ ባንድሶው የምትገዙ፣ መጀመሪያ ለጋሼ አሳዩት

ባንድሶው በሁለት ትልልቅ መዘውሮች ላይ እንደ ቀበቶ የሚዞር ላማ (ባለ ጥርስ ቀጭን ብረት) ያለው የእንጨት መቁረጫ ማሽን ነው። ይህን ማሽን አብጠርጥረው ለሚያውቁት ለጋሼ ያለንን ምስጋና በአደባባይ ካልተናገርነው ይቆጨናል። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። ሂርማታ ገበያ አካባቢ ካሉት የእንጨት ሥራ ቤቶች አንዱን «የባንድሶው ጋሼ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ይወስዷችኋል።

ከሳቸው በፊት ያየነው ብዙ ነው፤ ሰውንም ቦታንም አንጠራም። አንዱ አዲስ ቀለም የተቀባ ማሽን «እንከን የለውም» ብሎ ሸጠልን። ቀለሙ የሸፈነው የታችኛውን መዘውር ስንጥቅ ነበር። መዘውሩ የተሠራበት ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ደግሞ እንደ ተራ ብረት ተበይዶ አይድንም፤ ቀድሞ በደንብ ካልሞቀ ሲቀዘቅዝ ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል፣ ቢይዝም ሚዛኑ ይዛባል። ሻጩ ከዚያ ወዲያ ስልክ አላነሳም። ሌላው ኩሽኔታ (መዘውሩ የሚዞርበትን ባለ ኳስ ቀለበት) ቀየርኩ ብሎ አስከፈለን፤ የቀየረው ነገር የለም፣ አሮጌው ላይ ግራሶ ጨምሮ ሄደ።

ቀጥሎ ያየነው ማሽን 800 ሚሊ ሜትር መዘውር ያለው፣ ሙሉ አካሉ ጊዛ የሆነ አሮጌ የጣሊያን ሥሪት ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ክብደቱ ንዝረቱን ይውጠዋል፤ ወፍራም ዋንዛ ሲገባበት እንኳ ጠረጴዛው አይንቀጠቀጥም። ውበቱ ግን ያታልላል። ጋሼ «አስነሳውና ልየው» አላሉም። መብራቱን አስነቅለው፣ የማሽኑን ሁለቱንም በር ከፍተው፣ ላማውን አውልቀው የመዘውሮቹን ክንዶች አንድ በአንድ በመዶሻ እጀታ መቱ። እንደ ደወል ካቃጨለ ጤነኛ ነው፤ ድፍን ድምፅ ከሰጠ ስንጥቅ አለው። መዘውሩን ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙት። በእጅ ሲያዞሩት ከተንገጫገጨ ኩሽኔታው አልቋል፣ እሱ ግን ርካሽ ነው፣ ይቀየራል።

ከዚያ ተንበርክከው የሞተሩን ሰሌዳ በጨርቅ ጠርገው አነበቡ፦ በደቂቃ 2,880 ዙር። እዚህ ላይ ነው እጃችንን በአፋችን የጫንነው። ሞተሩ ላይ ያለው ፑሌጃ (ቀበቶው የሚዞርበት ትንሽ መዘውር) 125፣ መዘውሩ ላይ ያለው 300 ሚሊ ሜትር ነው። በ1,440 ዙር ሞተር መዘውሩ በደቂቃ 600 ይዞራል፣ ላማውም በሴኮንድ 25 ሜትር ይሮጣል። አንድ ሰው ሞተሩን ቀይሮ ፑሌጃውን እንዳለ ትቶታል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሆኗል፣ መዘውሩን ወደ ውጭ የሚበጥሰው ኃይል ደግሞ አራት እጥፍ። ሻጩ ራሱ አያውቅም ነበር! ጋሼ ቆጣ ሳይሉ አስረዱት፣ ዋጋው ወረደ፣ ባለ 1,440 ሞተር ተገጠመ። ለዚያ ምክር አንድ ብር አልተቀበሉም። «ሰው እጁን ይዞ ይግባ» ብቻ ነው ያሉት። እግዜር ይስጥልን ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

የሳቸው ሥራ ይለያል ስንል በምክንያት ነው። የመዘውሩ ጎማ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ላማው እየተንሸራተተ ይወጣል። አዲስ ጎማ ማጣበቁን ብዙ ሰው ይችላል፤ ጋሼ ግን ካጣበቁ በኋላ መሃሉ በትንሹ ከፍ እንዲል እያዞሩ በብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉታል፣ ላማውን መሃል ላይ የሚይዘው ያ እብጠት ነው። የመወጠሪያው ሞላ ከተኛም ይቀይሩታል። ላማ ሲበይዱ መጋጠሚያውን ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን እንደገና አሙቀው ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ይተዉታል፤ ይህ ካልተደረገ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ባንድሶው በእንግሊዝ አገር በ1808 እ.ኤ.አ. ፓተንት ተሰጥቶት ለአስርተ ዓመታት ሳይሠራበት የቆየው፣ ላማው እየተበጠሰ ስላስቸገረ ነው። ውፍረቱንም አትርሱ፦ ለ800 መዘውር 0.8 ሚሊ ሜትር። ከዚያ የወፈረ ላማ መዘውሩ ላይ በተጠማዘዘ ቁጥር ይደክምና በጥቂት ቀን ይሰነጠቃል።

የጎን መያዣዎቹን ከላማው በወረቀት ውፍረት ያርቋቸዋል፣ ከጥርሱም ኋላ ያደርጓቸዋል። ከላማው ጀርባ ያለው ኩሽኔታ እንጨት ሳይገባ መዞር የለበትም፤ ከዞረ ተጠግቷል ማለት ነው።

የበርጩማ እግር ቅስት የምትቆርጡ፣ በር የምትሠሩ፣ ሁላችሁም ሂዱ። ደግመን እንላለን፣ ቀብድ ሳትከፍሉ ሂዱ! የሞተሩን ሰሌዳ ፎቶ አንስታችሁ፣ በሁለቱ መዘውሮች መሃል ለመሃል ያለውን ርቀት ለክታችሁ ያዙ። ርቀቱ 1,250 ከሆነ በሁለት አባዙት፣ 800ን በ3.14 አባዝታችሁ ደምሩበት፤ 5,012 ሚሊ ሜትር ላማ ይቆርጡላችኋል።